ምንጩን የጠጣው ባሕር ዛፍ

ቆሰበር ከተማ ውስጥ ከእንጨት መሰንጠቂያው ፊት ሳልፍ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሸተተኝና ባለሁበት ቆምኩ።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ስለ እርሻና ስለ ጤና የድርሰት ውድድር አወጣ። እኔም የመንደራችን ምንጭ ለምን እንደደረቀ ጻፍኩ። ከአፋፉ ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ ውሃውን መጥጦታል፤ ሰዉ የኩሬ ውሃ እየጠጣ ልጆች በተቅማጥ ይሞታሉ አልኩ። ባሕር ዛፉ የአባቴ ነበር። አንደኛ ወጣሁ፤ መምህሩም ድርሰቴን በወላጆች ፊት ጮክ ብለው አነበቡት።

በዚያው ወር ልጁን የቀበረው ጎረቤታችን መምህሩ አንብበው እስኪጨርሱ አልጠበቀም። ወንድሞቹን ይዞ መጥረቢያ አነሳ። አባቴ ከአዘና ገበያ ሲመለስ ግማሹ ዛፍ ወድቋል። ምንም ሳይጠይቅ ጎረቤታችንን በዱላ ግንባሩን ፈነከተው። ወንድማማቾቹ ተረባርበው ጣሉት፤ በመጥረቢያ ጀርባም ቀኝ ክንዱን ደጋግመው መቱት። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። ደሙ እርጥቡ ቅጠል ላይ ተረጨ።

ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ ካሰረለት በኋላ አባቴ ጠራኝ። ፊደል አልቆጠረም።

«ያን ጽሑፍ እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ።

አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «አስቀድመሽ ለእኔ ብታነቢልኝ ኖሮ እኔው እቆርጠው ነበር።»

ያን ጊዜ ያመሰገነኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ክንዱ ግን ጠምሞ ቀረ፤ ዳግመኛም እርፍ አልጨበጠበትም።

አሁን መሰንጠቂያው ፊት ቆሜ የጻፍኩበትን ቀኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩት።