ከኒሙ ሥር የነበረው ዚር

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በጎረቤቴ ጥያቄ ነው። ጎረቤቴ በመተማ ዮሐንስ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ኒም ዛፍ ሥር፣ ለአላፊ አግዳሚው የመጠጥ ውኃ የሚያኖሩ መበለት ናቸው። የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ዚራቸውን እንዲያነሱ ባዘዛቸው ዕለት ቤቴ መጥተው፣ «አንቱ የመንግሥትን ቋንቋ ያውቃሉ፤ አብረውኝ ይግቡ» አሉኝ።

ዚር ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ገላው እያላበው በውስጡ ያለውን ውኃ ያቀዘቅዛል። እኔ ለሥራ ወደዚህ ቆላ በወረድሁበት ዘመን በየደጃፉ ይቆም ነበር። ማራገቢያ የሚባል ነገር አናውቅም። ቢሮ ጎህ ሲቀድ ገብተን ፀሐይ ሳትበረታ እንወጣለን፤ ወለሉን ውኃ እንረጫለን፤ አንሶላ ነክረን መስኮት ላይ እንሰቅላለን። መንገደኛም ከማንኛውም ዚር ሲጠጣ ማንንም አያስፈቅድም ነበር።

የጎረቤቴ ዚር ግን ሌላም ምክንያት ነበረው። አንድ ልጃቸው ከኮኪት ማዶ ለሰሊጥ እርሻ ምንጣሮ ሄዶ፣ በሚያዝያ ሐሩር በእግሩ ሲመለስ ከዚያ ኒም ሥር ሞቶ ተገኘ። የያዘው ጀሪካን ደረቅ ነበር። እናቱ ከሐዘን እንደተነሡ ዚሩን እዚያው አኖሩት።

የጽሕፈት ቤቱ ወጣት ኃላፊ በአክብሮት ተቀበለን። ያቀረበው ምክንያት ሐሰት አልነበረም፤ ኮሌራ ገብቶ ስለነበር ብዙ ሰው በአንድ ጣሳ ከሚቀዳበት ዕቃ መጠጣት ተከልክሏል። ክዳንና ቧንቧ እንደሚበጅለት፣ ውኃውም በመድኃኒት እንደሚታከም ጠቅሼ ተከራከርሁ። በሥራ ዘመኔ የዚያን ያህል ተጠንቅቄ ያቀረብሁት ጉዳይ የለም።

«እማማ፣ እኛ ትልቅ ሮቶ እንተክልልዎታለን» አለ ኃላፊው። «ከማሰሮ ወደ ፕላስቲክ ታንከር አደጉ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ሻይ ቅጠል ጨምርበትና ቀትር ላይ ና፣ ልጄ» አሉት። «አብረን እንጠጣለን።»

ኃላፊው ራሱ ሳቀ። ትእዛዙ ግን አልተነሣም።

ኒሙ ሥር ውኃ ለሚያመላልሰው ቦቴ አይመችም ተብሎ ሮቶው ከመንገዱ ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ተተከለ። ቀትር ላይ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ እጅ ያቃጥላል። ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ፊታቸውን ታጥበውበት፣ ሳይጠጡ ያልፋሉ። ጎረቤቴ ዚሩን ግቢያቸው አስገብተው እንደ ድሮው በየማለዳው ይሞሉታል። የሚጠጣው ሰው የለም።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከደጃቸው ቆመው አገኘኋቸው።

«በኒሙ በኩል ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«የወደቀ ሰው አላዩም?»

«አላየሁም።»

«እስቲ ነገም በዚያው በኩል ይለፉልኝ» አሉኝ።

ያን ሳምንት ይግባኝ ጽፌ በላይ ወዳለው መሥሪያ ቤት ይዤ ሄድሁ። መልሱ አጭር ነበር፤ በሥፍራው ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የቀረበ በመሆኑ አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም፣ ጉዳዩም ተዘግቷል። የተፈረመው ጎረቤት ከዛፍ ሥር ተሰብስቦ አብሮ በሚበላበትና በሚጠጣበት በግንቦት ልደታ ዕለት ነው።