በጎቹን ያስወጣልኝ ፍርድ

መሐል ሜዳ በምትባል የደጋ ከተማ በመምህርነት የተመደብኩት ከመርሐቤቴ ቆላ መጥቼ ነው። ስለ ብርድ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ መብቴ ግን ከበቂ በላይ አውቅ ነበር።

አንዲት ባልቴት ከቤታቸው ጎን ያለችውን ክፍል አከራዩኝ። ታዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰባት በጎቻቸውን እየነዱ አምጥተው ከአልጋዬ ግርጌ ያስገቡልኛል። ሽታውንስ ቻልኩት። ሙክቱ የተማሪዎቼን ደብተር ማላመጥ ሲጀምር ግን፣ «የተከራየሁት ቤት እንጂ ጉረኖ አይደለም» ብዬ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰስኳቸው።

ዳኛው ውላችንን አገላብጠው አዩ። «እማማ፣ እዚህ ላይ በግ የሚል የለም» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ በጎቹ እኮ ከሱ በፊት የነበሩ ናቸው። በላያቸው የመጣባቸው እሱ!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ፍርዱ ግን ለእኔ ሆነ፤ አከራይ ተከራዩን በሰላም ማኖር ስላለበት፣ ውሉ እስኪያበቃ አንድም በግ እንዳይገባ ተባለ። ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ከራስጌዬ ለጥፌ እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ።

ኅዳር ገባ። ጠዋት ስነሣ የጆጉ ውሃ በረዶ ሠርቶ አገኘዋለሁ። ጣቶቼ ጠመኔ መያዝ አቃታቸው፣ ሳሉ ደረቴን ሰነጠቀው። ለካ በፍርድ ያስወጣሁት ምድጃዬን ኖሯል! የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የጠላሁትን ልለምን ሄድኩ።

«እማማ፣ እባክዎ በጎቹ ይግቡልኝ።»

«ምነው ልጄ! ማኅተም ያረፈበትን ቃል ሽሬ ዘብጥያ ልውረድ?»

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ቀና ስል ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሳልህን በግድግዳው እየሰማሁ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ላስገባቸው ስንቴ ተነሥቼ፣ መንግሥትን ፈርቼ ተመለስኩ መሰለህ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በነጋታው የሳቸውን የበግ ጠጉር ባና ተከናንቤ አብረን ፍርድ ቤት ሄድን። ዳኛው ፊታቸውን በመዝገቡ ከልለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ከሳቁ በኋላ፣ የእርቅ ስምምነታችንን ጽፈን እንድናመጣ አዘዙ። እማማ እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ፤ «በጎቹ እንደ ቀድሞው ይገባሉ። ተከራዩም በሰላም ያኖራቸዋል።» እኔ ፈረምኩ፤ እሳቸው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

የዚያን ዕለት ሙክቱን ራሴ አስገባሁት። ደብተሮቹን ከፍ አድርጌ ሰቅዬ፣ ሙቀቱ ሽቅብ ሲመጣ እየተሰማኝ ጋደም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ማዶ የእማማ ማንኮራፋት ተሰማ።