ወንበር ላይ የተነገረ መርዶ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ እስራኤል አገር ፔታ ቲክቫ ከተማ በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰው የወጣትነት ጥፋቱን ሲያወራ ይስቃል። እኔ ግን በዚህ አንድ ቀን እንኳ ስቄ አላውቅም። ለአገሬ ሰውም ተናግሬው አላውቅም፤ እንዳልናገር ምያለሁ። ያስማለችኝ ሴት ባለፈው ክረምት ስላረፈች ዛሬ እጽፈዋለሁ።

አዛለች ትባላለች፣ የእናቴ የአክስት ልጅ ናት። ከጎንደር ስንወጣ እናቴ ታማ ቀረችና እኔን ለእሷ አደራ ሰጠችኝ። ሱዳን እስክንገባ በእግር ስንጓዝ ውሃ ከተገኘ መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ፣ ቀጥሎ ልጇ ሙሉ፣ መጨረሻ እሷ። ከዚያ ወዲህ እንደ ወለደችኝ ሁሉ እማ እያልሁ ነው የኖርሁት።

የስደተኞቹ ካምፕ ውስጥ ስማችን ተጠርቶ መኪና ላይ ስንጫን ሙሉ በወባ ታሞ የሕክምናው ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ነበር። «ይከተላችኋል» አሉን። ዓሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አልተከተለንም።

ፔታ ቲክቫ እማ የጽዳት ሥራ ያዘች። እኔ ዕብራይስጡ ቶሎ ስለ ገባኝ ለአስተርጓሚነት ተመረጥሁና ኩርስ አስገቡኝ። ለጀማሪ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ትምህርት ነበር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ። ሞራዋ፣ አስተማሪያችን ማለቴ ነው፣ ደግ ሴት ነበረች። አንድ ቀን የተደበቀ ኀዘን በሰውነት ይወጣል ብላ አስተማረችን፤ ራስ ያሳምማል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ምግብ ያስጠላል። ስለዚህ ክፉ ወሬ አይደበቅም አለች። ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ውሃ አቅርቡ፣ «አረፈ» ወይም «ሄደ» አትበሉ፣ «ሞተ» በሉ፣ ከዚያ ዝም በሉ።

ሁሉንም በአማርኛ ደብተሬ ላይ ገለበጥሁት። ኩራቴን ባያችሁ! በወር ውስጥ የሰፈሩን ሰው በሽታ ሁሉ አወቅሁ። ጎረቤታችን ቢቆጣ በልጅነቱ ምን ደርሶበት ነው እላለሁ። ሚስቱ ዝም ብትል ደግሞ ለእሷም ሌላ ስም አለኝ።

ከአዲሱ ዓመት በዓል ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ከካምፑ ዘግይቶ የመጣ ሰው የሙሉን መሞት ለአባ አድማሱ ነገራቸው። አባ አድማሱ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ወሬውን ሁላችንም ሰማን፣ ከእማ በቀር። ወንድሟ ሰሜን አገር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አባ አድማሱም «መርዶ ያለ ዘመድ አይነገርም። ወንድሟ ድኖ ይምጣ፣ ሰግድንም ትዋል። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል እናረዳታለን» አሉ። ሰግድ የምንጾምበትና የምንሰግድበት ዓመታዊ በዓላችን ነው፤ ሰው ሁሉ ተስማማ።

እኔ ግን እማን ሳያት ቆየሁ። ራሷን ያማታል። እንቅልፍ የላትም። እህል ቀመስ አድርጋ ትተዋለች። ሐኪም ቤት ወስጃት ምንም የለባትም አሉኝ። ደብተሬን ስገልጥ ሦስቱም ምልክት ተጽፏል። ሽማግሌዎቹ በመደበቅ ሊገድሏት ነው አልሁ በልቤ። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ማለት እኔ ነበርሁ።

ሰግድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትገባ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርጌ፣ ብርጭቆ ውሃ አቅርቤ ጠበቅኋት።

«ቁጭ በይ፣ እማ።»

«ምነው፣ ልትዳኚኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ተቀመጠች።

«ሙሉ ሞቷል። እዚያው ካምፑ ውስጥ ሞተ» አልሁ። ከዚያ እንደ ተማርሁት ዝም አልሁ።

አላለቀሰችም። ውሃውን አንሥታ ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው።

«ማን ላከሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ወንድሜ መጣ?»

«አልመጣም።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ። መደበቁ ነው የሚያሳምምሽ፣ እማ። ተምሬዋለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀምጣ ቀስ ብላ ተናገረች። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። በዓሉን እንኳን አደረሰሽ ሲሉኝ ‹ልጅሽን ያምጣልሽ› ያለኝ ሰው ጠፋ። አባ አድማሱ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እናት ይህ ይጠፋታል? ዝም ያልሁት ወንድሜ እስኪመጣ ነው። አንገቱን ይዤ ልጮኽ ነበር። ደረቴን ስደቃ እጄን የሚይዘኝ ሰው እየጠበቅሁ ነበር።»

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው በእኔ ደረሰ። ደብተሬ ላይ ለዚህ የሚሆን አንድ መስመር አልነበረም።

«አሁን አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም» አለች። «ሽማግሌዎቹ ይዋረዳሉ፣ አንቺንም ሰው ይጠላሻል። ማይልኝ። ሙሉ ይ...» ብላ ጀመረችና አፏ ላይ ቀረ። ሁልጊዜ የምታስምለኝ «ሙሉ ይሙት በይ» እያለች ነበር። «በእናትሽ ማይልኝ» አለችኝ። ማልሁ።

በማግስቱ ስሟን ሳልጠራ ለሞራዋ ነገርኋት። «ኮል ሃካቮድ!»፣ ጎበዝ ማለቷ ነው፣ አለችና ተማሪው ሁሉ እንዲያጨበጭብልኝ አደረገች። አለቀሰች ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አላለቀሰችም አልሁ። «በሰደር፣ ግድ የለም፣ ታለቅሳለች» አለችኝ።

ሰግድ ዋለ። በማግስቱ ሊነጋ ሲል ወንድሟ በምርኩዝ፣ ሽማግሌዎቹም ከኋላው ሆነው በሩን አንኳኩ። አባ አድማሱ መርዶውን ተናገሩ። እማ አንዴ ጮኸች። ዕንባ ግን ጠብ አላላትም። ወንድሟ እጇን ሊይዝ ሲዘጋጅ እጇ አልተነሣም። ሰባቱን ቀን በደረቅ ዓይን ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ብርጭቆ ሳጥብ ሁለት ሴቶች ከጀርባዬ ያወራሉ።

«የወለደ አንጀት እንዲህ ይችላል?»

«ጥላው ስትመጣስ መች አለቀሰች?»

ዞር ብዬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ምያለሁ ብዬ ራሴን አታለልሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው እንዳይጠላኝ ፈርቼ ነው።

ከለቅሶው በኋላ አንድ ቀን «እማ፣ ለምን አላለቀስሽም?» አልኋት። «ያን ቀን ከውሃሽ ጋር ጠጣሁት» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንሥታው አታውቅም። ዳረችኝ፣ አረሰችኝ፣ ልጆቼን አሳደገችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርቱን አልጠላሁትም፤ እንጀራዬ ሆኗል። ዛሬም ሐኪም ክፉ ወሬ አስተርጉሚ ሲለኝ መጀመሪያ የበሽተኛውን ዘመድ ጥሩልኝ እላለሁ። ጥሩ ሠራተኛ ነሽ ይሉኛል፤ ይህን ሲሉኝ ግን ያ ጭብጨባ ትዝ ይለኛል፣ ያመኛል።

ባለፈው ክረምት በቀብሯ ላይ አንዲት ሴት ሌላዋን «የቷ አዛለች?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። «ልጇን ያላለቀሰችው» አለቻት። ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። ያን ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ካነበባችሁ ስሙኝ። እማ ልታለቅስ ሰው እየጠበቀች ነበር። ዓይኗን ያደረቅሁት እኔ ነኝ።