ጉዞው በተሰረዘበት ቀን

ባለፈው ሐምሌ ተማሪዎቼን መቐለ ከሚገኘው ከዓዲ ሓቂ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አሳፍሬ ወደ ሰሜን ክፍለ ከተማ ጉዞ ጀመርን። ወደ ውቅሮ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ያለውን የጎርፍ መውረጃ ላሳያቸው ነበር። ሮማናት አደባባይን ሳናልፍ ሰማዩ ጠቆረ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ "መምህር፣ ዝናቡ እኮ መጣ። ለሌላ ቀን ብናደርገውስ?" አለ።

"ጎርፍ በፀሐይ አይታይም፤ እንሄዳለን" አልኩት።

ከጎኔ የተቀመጠችው ተማሪ ሳቀች። "እዋይ መምህር! ድሮም እንዲህ ችኮ ነበሩ?"

ጠብታው የመኪናውን ጣሪያ መደብደብ ሲጀምር፣ እኔም እንደነሱ ተማሪ ሳለሁ የገጠመኝን ነገርኳቸው።

መቐለ ተወልጄ ያደግሁ የወሎ ነጋዴዎች ልጅ ነኝ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ስወጣ ትግርኛ እያወራሁ ነው ያደግሁት። አባቴ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ክረምት ሲገባ ከላይ ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ በሱቃችን በር ይገባና ጣቃዎቹን ያበሰብስብናል። አባቴ በሩ ላይ አፈር ሲቆልል ውሃው ወደ ጎረቤታችን ይዞራል። ጎረቤታችን ደግሞ በተራው አፈር ቆልሎ ወደኛ ይመልሰዋል። እንዲህ ሲመላለሱ ክረምቱን በሙሉ እንደተኳረፉ ያሳልፉታል። እኔም የውሃ ምህንድስና ልማር የቆረጥኩት ያን እያየሁ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን ሄድኩ። የትምህርት ክፍላችን አንድ ቅዳሜ ትልቅ ወንዝ ዳር ወዳለች ትንሽ ከተማ ሊወስደን ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሰዎቿ ከጎርፍ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ልናይ ነው። አርብ ከሰዓት ፕሮፌሰሩ መልእክት ላኩ፤ ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ ጉዞው ተሰርዟል ይላል። የክፍሌ ልጆች ደስ አላቸው። እኔ ግን ተናደድኩ። ጎርፍ ልናይ የተነሳን ሰዎች ዝናብ ይጥላል ብለን እንቀራለን?

ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን ሳስር፣ አብራኝ የምትኖረው ጋናዊት ከብርድ ልብሷ ውስጥ አንገቷን ብቅ አደረገች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ወደዚያች ከተማ።"

"ብቻሽን? በዚህ ዝናብ? ብትታመሚ ማን ያስታምምሻል?"

"አንቺ" አልኳትና ወጣሁ።

ባቡር ጣቢያ ሳልደርስ ነፋሱ ጃንጥላዬን ገልብጦ ሽቦውን ሰበረው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመርኩትና የካፖርቴን ቆብ በሻሼ ላይ ደፋሁ። ባቡሩ የወንዙን ዳር ተከትሎ ሲጠማዘዝ ቆየና ከከተማዋ በፊት ባለው ጣቢያ ቆመ። በድምፅ ማጉያ የተነገረው በቅጡ አልገባኝም፤ ሰው ሁሉ ሲወርድ ግን ተረዳሁ። ሐዲዱ ላይ ውሃ ወጥቷል። ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ማዶ ወደቆመው ተመላሽ ባቡር ተሻገሩ።

የጣቢያውን ሠራተኛ፣ "በእግር ይኬዳል?" ብዬ ጠየቅሁት።

ጫማዬን ተመለከተ። "ይኬዳል። በላይ በኩል፣ በወይን እርሻው መሃል መንገድ አለ። ግን ለምን?"

ለምን እንደሆነ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ማስረዳት አቃተኝ። አመስግኜው መንገድ ጀመርኩ።

መንገዱ ዳገትና ጭቃ ነበር። ከታች ወንዙ ይታየኛል። በፎቶ የማውቀው ነጫጭ ጀልባዎች የሚንሳፈፉበት ሰማያዊ ወንዝ ነበር። ይሄኛው ግን የሐምሌ ጎርፍ መልክ ይዟል፤ ደፍርሶ ግንድና የፕላስቲክ ወንበር ያንከባልላል። ድምፁ ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። ካልሲዬ ውሃ ጠጥቶ ጣቶቼ ሲደነዝዙ ቆሜ ወደ ኋላ አየሁ። መመለሻውም ያው ጭቃ ነው። ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ።

ከተማዋ ውስጥ ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ከምድር ቤት ዕቃ ተሸክሞ ወደ ፎቅ የማያወጣ የለም። ወንዙ አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ረጅም የአሉሚኒየም ሳንቃ ብቻቸውን ይጎትታሉ። የቤታቸው በር ግራና ቀኙ ላይ ሳንቃው የሚገባበት ቦይ መሰል ፍልፍል አለው። ሳንቃዎቹ እዚያ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ፤ ከሥራቸው ያለው ጎማ ውሃውን ያግዳል። በመጽሐፍ ነበር የማውቀው። ሄጄ ሌላኛውን ጫፍ አነሳሁላቸው።

"ጎብኚ ነሽ?" አሉኝ።

"ተማሪ ነኝ።"

"ዛሬ የሚጎበኝ ነገር የለም። ሙዚየሙም ዝግ ነው።"

"እኔ ይህን ለማየት ነው የመጣሁት" ብዬ ሳንቃውን አሳየኋቸው።

ለአፍታ አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ገብተው የሥራ ጓንት አመጡልኝ።

በሩን ጨርሰን ወገባችንን ስናቀና፣ የሚቀጥለው ቤት በር ተከፈተና አንድ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ወጡ። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ሽማግሌው የራሳቸውን ሳንቃ ሊያነሱ ሲታገሉ ከእጃቸው አመለጠና ድንጋዩ ላይ ተንኳኳ። ልረዳቸው ስራመድ አሮጊቷ ክንዴን ያዙኝ።

"ተይው።"

"ብቻቸውን እኮ ናቸው።"

"ያ ሰው ባሌ ሲቀበር እንኳ አልመጣም። እኔና እሱ ከተነጋገርን ዓመታት አልፈዋል።"

የአባቴና የጎረቤታችን የአፈር ክምር ዓይኔ ላይ መጣ። "ግድግዳችሁ አንድ ነው" አልኳቸው። "በሳቸው በር የገባ ውሃ በምድር ቤቱ በኩል ወደ እርስዎ ይመጣል።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያውስ ልሂድ።"

ክንዴን ለቀቁኝ፤ ፊታቸው ግን ተኮሳተረ።

ሽማግሌው አንድ እጃቸው ከዘራው ላይ ስለሆነ ሳንቃውን አብረን ስናነሳው ወደ እሳቸው በኩል ያዘነብላል። ደጋግመን ሞከርን፤ ደጋግሞ ወደቀ። እጄ ዛለ፤ ዝናቡ ዓይኔን ጋረደኝ። ቢሆንም እንደገና ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ክብደቱ በድንገት ቀለለኝ። ቀና ስል አሮጊቷ መሃል ገብተው ይዘውታል። ሽማግሌውን ግን አያዩዋቸውም።

"ወደ ግራ" አሉ።

ሽማግሌው ደንግጠው፣ "ምን?" አሉ።

"ወደ ግራ በለው እንጂ! ዓይንህም ደከመ?"

"ዓይኔ ደህና ነው" አሉ ሽማግሌው፤ ግን ወደ ግራ አሉት። ሳንቃው ገባ።

አልተቃቀፉም፤ ይቅርታም አልተባባሉም። የመጨረሻው ሳንቃ እስኪገባ ድረስ የተነጋገሩት "ያዝ"፣ "ይዣለሁ"፣ "ቀስ በይ" ብቻ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ሊገቡ ዞሩ።

"ብቻህን ቁጭ ብለህ ውሃውን ልትጠብቀው ነው?" አሉ አሮጊቷ። "በጓሮ በኩል ግባ።"

ፎቅ ላይ እርጥብ ልብሴን ማሞቂያው ላይ ሰቀሉልኝ። የሟች ባላቸውን የሱፍ ካልሲም ሰጡኝ። ሾርባ ሲቀዱልኝ እያፈርኩ፣ "የአሳማ ሥጋ አለበት?" ብዬ ጠየቅሁ። ሳህኑን አንስተው ዳቦ፣ አይብና የተቀቀለ እንቁላል አቀረቡልኝ። የምሰግድበት ንጹሕ ቦታ ስጠይቃቸው ደግሞ መኝታ ቤታቸውን ከፍተው ወለሉ ላይ ፎጣ አነጠፉልኝ። ሽማግሌው ከሳሎን ሆነው፣ "ለወንዙም ጸልዪልን!" አሉ።

ሰግጄ ስመለስ ሁለቱም መስኮቱ ጋ ነበሩ። ውሃው መንገዱን ሞልቶታል። የታችኛውን ሳንቃ ሸፈነ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሸፈነ። ቀስ እያለ ወደ ላይኛው ተቃረበ። ምድር ቤት ወርጄ ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። በወለሉ ስንጥቅ የሰረገውን ጥቂት ውሃ ፓምፑ እያጓራ ይመልሰዋል። ተመልሼ ስወጣ አሮጊቷ፣ "ቆመ" አሉኝ። ውሃው ከላይኛው ሳንቃ ጠርዝ በታች እንደረጋ ቀረ። ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቀስ ብለው፣ "ያኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ቀብሩን የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው" አሉ። አሮጊቷ ተነስተው ሻይ ቀዱላቸው።

አመሻሹ ላይ የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጓሮ በኩል መጥተው፣ ባቡር እስካለበት ጣቢያ በመኪናቸው አደረሱኝ።

ሰኞ ጠዋት የፕሮፌሰሩን ቢሮ አንኳኳሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ፣ ግድብ ውስጥ የሚጠራቀመውን ደለል በኮምፒውተር ሳሰላ ወራት አሳልፌ ነበር።

"የመመረቂያ ርዕሴን ልቀይር ነው" አልኳቸው።

"ግማሹን ጨርሰሽ? አንድ ሴሚስተር ይጨመርብሻል።"

"ይጨመርብኝ።"

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"ግድግዳና ቦይ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ጎርፍን አብረው እንዴት እንደሚከላከሉ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄ ምህንድስና ነው ወይስ ሽምግልና?"

"ሁለቱንም ይጠይቃል" አልኩና ቅዳሜ ያየሁትን በዝርዝር ነገርኳቸው። እሳቸው በሰረዙት ጉዞ እንደሄድኩ ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከዚያ ስለ ሳንቃውና ስለ ምድር ቤቱ ግድግዳ ይጠይቁኝ ጀመር። በመጨረሻ፣ "ጽፈሽ አምጪው። ግን በቀላሉ የምቀበልሽ እንዳይመስልሽ" አሉኝ።

በእርግጥም በቀላሉ አልተቀበሉኝም። የጻፍኩትን በቀይ ብዕር አዥጎርጉረው መለሱልኝ። አስተካክዬ ወሰድኩላቸው፤ አሁንም መለሱልኝ። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ማርገፍ በጀመሩበት ሰሞን እንደገና ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ፣ ቆሜ እየጠበቅሁ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡና ርዕሱን ተቀብለው ፈረሙልኝ። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬ ስጨርስ መኪናችን የጎርፍ መውረጃው ጋ ደርሶ ነበር፤ ዝናቡ ሳያባራ ወረድን።