አማርኛሽን ከጫማሽ ጋር

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ኮተቤ አንድ የታሚል ቤተሰብ ጋ ልጅ ጠባቂ ሆኜ ገባሁ። ታሚሎች የደቡብ ህንድ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸውም ታሚል ይባላል። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከእኔ ጋር ስለሆነ አማርኛዋ ቁርጥ የእኔን የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር አማርኛ ሆነ። ህንድ ያሉት አያቷ በቪዲዮ ሲደውሉ ግን አፏ ይታሰራል።

እናትየው እኔን ወቀሰች። አልተሳሳተችም።

"ከዛሬ ጀምሮ አማርኛሽን ከጫማሽ ጋር በር ላይ ትተሽ ትገቢያለሽ" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ቅዳሜ የታሚል ፊደል ሊማሩ ለሚመጡት የሌሎች ታሚሎች ልጆችም ሕጉ ያው ነበር።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ልጅቷን ይዤ እየወጣሁ ደረጃው ላይ፣ ጫማዎቹ መሀል ቁጭ ብለን እናወራለን። ውስጥ ዝምታ፣ ውጭ ጨዋታ። ልጅቷ ጭራሽ ቤት መግባት ጠላች። አንድ ቀን አያቷ ሲደውሉ ጫማዋን አንስታ ወደ በር ሮጠች። አሮጊቷ ስልኩ ውስጥ ዓይናቸውን በልብሳቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ።

ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። እናትየው ትሪ ላይ ሩዝ በትና በጣት ፊደል ታስጽፋለች፤ እኔም ጻፍኩ። ደረጃው ላይም አማርኛ አቆምኩ።

"ተኳረፍን እንዴ?" አለችኝ ልጅቷ።

"ሳፕቲያ?" አልኳት፤ በላሽ ወይ ማለት ነው። አለቀሰች። ሦስት ቀን ዘጋችኝ።

ማታ ቤታችን ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ በኦሮምኛ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

"ለህንዶቹ ምላስሽ ተፈታ?" አለችኝ። "እኔ እኮ ጫማ እንኳን አላስወለቅኩሽም።"



በአራተኛው ቀን አያትየው ደወሉ። ልጅቷ ጭጭ። እኔ ስልኩ ፊት ተደቅኜ የማውቃትን ታሚል ሁሉ ዘረገፍኩ፤ ትግጠም አትግጠም። ልጅቷ ጆሮዋን ያዘች።

"እንደሱ አይደለም!" ብላ ጮኸች፣ በታሚል። ስልኩን ነጠቀችኝና ስህተቴን አንድ በአንድ ለአያቷ ታስረዳ ጀመር። የአሮጊቷ ሳቅ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር።

እኔ ወጥቼ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ጫማዎቹ መሀል ተቀምጬ እናቴ ጋ ደወልኩ። በኦሮምኛ ሰላም አልኳት፤ ተንተባተብኩ።

"ማን ልበል?" አለችኝ።