የወገብ ቋንቋ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ልብስ ሰፊ ስል ቁልፍ የሚተካና ሱሪ የሚያሳጥር ማለቴ አይደለም። ሙሉ ልብስ ከጥቅል ጨርቅ ቆርጦ የሚያወጣ፣ ትከሻው ያዘነበለውን ሰው ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ሰፊ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው በሌላ ነገር ስለሆነ ነው። "ዶክተር ተስፈኛ" ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የእናቴ ወንድም፣ መምህሩ አጎቴ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አባቴ ሳያገባ በፊት ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ሽፋኑ አረንጓዴ የሆነ ቀጭን መጽሐፍ ገዝቶ ነበር። ኤስፔራንቶ የሚባል ቋንቋ ማስተማሪያ ነው። ቋንቋውን የፈጠረው አንድ የዓይን ሐኪም ሲሆን፣ ያደገውም ጎረቤት ከጎረቤት በተለያየ ቋንቋ እየተናገረ በጎሪጥ በሚተያይበት ከተማ ነበር። የማንም ያልሆነ፣ ስለዚህም የሁሉም ሊሆን የሚችል ቀላል ቋንቋ ቢኖርስ ብሎ አሰበ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያሳትም በራሱ ስም ፈንታ "ዶክተር ኤስፔራንቶ" ብሎ ፈረመ፤ ተስፋ የሚያደርግ ማለት ነው። ወጣት ሳለ የጻፈውን ወረቀት አባቱ አቃጥለውበት እንደገና ከሀ ጀመረ ይባላል። አባቴ እዚህ ታሪክ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል። አጎቴ ደግሞ እዚሁ ላይ፣ "አባትየው ልክ ነበሩ፤ ክብሪት አጠራቸው እንጂ!" ይላል።

ችግሩ የሚያናግረው ሰው አለመኖሩ ነው። ቋንቋውን ሰው ሲናገረው እንኳ ሰምቶ አያውቅም። ግን ለቋንቋው ሥራ ፈጠረለት።

በሱቃችን አባቴ ሜትሩን በደንበኛው ላይ እየዘረጋ ልኩን ይጠራል፣ እናቴ ከጠረጴዛው ማዶ ደብተር ይዛ ትጽፋለች። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማል። አንድ ቀን ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገባ ሥጋ ሻጭ የወገባቸው ልክ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከወረፋው ሳቅ ሰሙና ኮታቸውን አንስተው ወጡ። በማግስቱ አባቴ ልኩን ሁሉ በኤስፔራንቶ መጥራት ጀመረ። ትከሻ "ሹልትሮ"፣ ወገብ "ታሊዮ" ሆነ። ለእናቴም ቁጥሩንና እነዚህን ጥቂት ቃላት ብቻ አስጠናት። ደንበኛው ክንዱን እንዲያነሳ ሲፈልግ እንኳ መጀመሪያ "ሌቩ ላ ብራኮይን!" ይልና፣ ቀጥሎ በእኛው ቋንቋ "ክንድዎን ያንሱ" ይላል። ሥጋ ሻጩ በሳምንቱ ተመለሱ። የሰፈሩ ወፍራም ሁሉ ተከተላቸው። ቋንቋውም "የወገብ ቋንቋ" የሚል ስም ወጣለት።

እናቴ በዚህ ሁሉ ታሾፋለች። "አንተ እኮ ከመጽሐፍህ ጋር ተጋብተህ እኔን በምራቂ ነው ያመጣኸኝ!" ትለዋለች። እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ ይጥልና ወደ መቁረጫው ይዞራል።

አባቴ ለአሥራ አንድ ዓመት ሩቅ አገር ካለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር ተጻጽፏል። በኤስፔራንቶ ነው፣ በየወሩ። አንድ ጊዜ ጋጋሪው የሰውነቱን ልክ ጻፈለት፤ አባቴም አንድ ዓመት ሙሉ በትርፍ ሰዓቱ ኮት ሰፋለት። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮቱ ሊላክ ሲል ጋጋሪው "ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ" ብሎ ጻፈ።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ሱቃችን ድረስ መጣ።

"ስማኝ ዶክተር፣ አንድ ሰው ብቻ የሚናገረው ነገር ቋንቋ አይባልም፤ በሽታ ይባላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም?"

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

"ሰውየው መጥቶ ካልተግባባን መጽሐፉን በእጄ እሰጥሃለሁ። ክብሪቱን አንተ ይዘህ ና።"

አባቴ ከአፉ የወጣ ቃል አያጥፍም።

የቀጠሮው ቀን አጎቴ ግማሽ ሰፈር ይዞ መጣ። እውነትም ክብሪት ይዟል፤ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይታያል። ሥጋ ሻጩ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ጋጋሪው ገባ፦ ረጅም፣ ቀይ ፊት፣ ደረቱ ላይ የቋንቋው ተናጋሪዎች ምልክት የሆነውን ትንሽ አረንጓዴ ኮከብ የሰካ ሰው። ሁለት እጁን ዘርግቶ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ።

አባቴ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

ጋጋሪው ቀስ ብሎ ደገመው። የአባቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ምላሱ ግን ተሳስሯል። በመጽሐፍ ያየውን ሁሉ በጆሮው ሲሰማው ደነገጠ መሰለኝ። ከበሩ በኩል አንድ ሳቅ ተሰማ። አጎቴ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ያኔ ብናደድበትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ደስ ያለው አይመስልም ነበር። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናቴ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተነሳች። ኮቱን ከመስቀያው አወረደችና እንግዳው ፊት ቆመች።

"ሌቩ ላ ብራኮይን!" አለች።

ሰውየው ሁለቱንም ክንዱን አነሳ።

ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከእኛ ጋር አንድ ቃል የማይጋራ ሰው፣ ሁለት ክንዱን አንስቶ ሱቃችን መሃል ቆሟል! "ቱርኑ ቪን" አለችው፤ ዞረ። ኮቱን አለበሰችው። ትከሻው ቁጭ አለ። እጅጌው ልክ አንጓው ላይ አረፈ። በደብዳቤ ብቻ የተለካ ኮት ነው እንግዲህ! አጎቴ ቀርቦ ስፌቱን በጣቱ ነካው፤ ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

ቁልፉ ግን አልገጠመም። አራት ጣት ጎደለ።

አባቴ ይህን ሲያይ የሰፊነት ደሙ ፈላ። ፍርሃቱም ምኑም ጠፋና ጮኸ፦

"ናውዴክ ሴስ! ቪ ስክሪቢስ ናውዴክ ሴስ!"

ወገብህን ዘጠና ስድስት ብለህ ነው የጻፍከው ማለቱ ነው። ጋጋሪው ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ "ላ ፓኖ ኩልፓስ!" አለ። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። አባቴ ዘወር ብሎ "ጥፋቱ የዳቦው ነው አለ" ብሎ ሲተረጉምልን ነው እኛ የሳቅነው። ሥጋ ሻጩ ከሁሉም ይበልጥ ሳቁ፤ ነገሩ ይገባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! አሥራ አንድ ዓመት የጻፉትን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሊያወሩት ተነሱ። ስለ እርሾ፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ሐኪሙ እየተቀባበሉ ሲያወሩ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደ ሠርግ ያያቸዋል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አጎቴ ክብሪቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ አባቴ ጠጋ አለ።

"እኔም አንድ ኮት ያስፈልገኛል" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወገቤን ግን... በዚያው በቋንቋችሁ ጥራው።"

አባቴ ለካው፤ እናቴም ጻፈች።

አመሻሹ ላይ እንግዳው ወደ ማረፊያው ሄዶ ሱቁን ስንዘጋ፣ አባቴ መቀሱን እንደያዘ እናቴ ፊት ቆመ።

"ቀልዱን እኮ ሳልተረጉመው ነው የሳቅሽው" አላት። "ቋንቋውን መቼ ተማርሽው?"

እናቴ ደብተሯን አጠፈች።

"አንተ ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልኩን ስትጠራ ከማን ጋር የምታወራ መስሎህ ነው?"