ደረጃው ላይ ያበራሁት ባትሪ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። እስካሁን የብሎካችንን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ደረጃውን ደግሞ በቀን አራት አምስቴ እወጣዋለሁ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ዲሽ መትከልና መጠገን ስለሆነ የእጅ ባትሪ ከእጄ አይለይም። ያኔ የነበረኝን የገዛሁት ሜክሲኮ፣ መንገድ ላይ ነው። ሻጩ «ይሄ ማዶ ያለውን ፎቅ ያሳይሃል» ሲለኝ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ብርሃኑ ቀጭንና ኃይለኛ ነው፤ ማስፋት አይቻልም። ሩቅ የሚደርስ ሁሉ ጥሩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ደረጃችን በክረምት ቶሎ ይጨልማል። ባትሪዬን ይዤ ስወርድ እትዬ አስካለ ሲወጡ አገኘኋቸው። በራችን ፊት ለፊት ነው፤ ከልጃቸው ከሙሉጌታ ጋር ይኖራሉ፤ የሚተዳደሩት ነጠላ እየቋጩ ነው። ከልደታ ማርያም እየተመለሱ ነበር። ግድግዳውን እየዳበሱ ሲወጡ ሳይ፣ «ቆይ ላብራልዎት!» ብዬ ባትሪውን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ብርሃኑ ቀጥታ ዓይናቸው ላይ አረፈ።

«ወይኔ፣ ዓይኔን!» ብለው እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሱ። እግራቸው ደረጃውን ሳተና ወደ ኋላ ሄደው መታጠፊያው ላይ በቀኝ እጃቸው ወደቁ።

ታክሲ ጠርቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ሐኪሙ ምን እንደሆኑ ሲጠይቃቸው፣ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት «ደረጃው አዳልጦኝ ነው» አሉ።

ጄሶው እስኪደርቅ ስንጠብቅ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የጣልኩዎት» አልኳቸው።

«አንተ ልታበራልኝ ነው። ሙሉጌታን ታውቀዋለህ፣ ቁጡ ነው። ይሄን ቢሰማ ክፉ ትነጋገራላችሁ። ጎረቤት ናችሁ፤ ዝም በል።»

ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሉጌታ ባገኘኝ ቁጥር ያመሰግነኝ ጀመር። «አንተ ባትኖር እናቴ እዚያው ጨለማ ውስጥ ትቀር ነበር» ይላል። ለብሎኩ ሰው ሁሉ አወራ። አንድ ጠዋት ደጃፌ ላይ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎልኝ ሄደ። እትዬ አስካለ ደግሞ በዚያ እጅ መቋጨት ስላልቻሉ፣ በር ከፍተው ቁጭ ብለው አያቸዋለሁ። ያን ጊዜ ደረጃውን በሩጫ ነበር የምወርደው።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደቆየሁ ባትሪውን ለመቀየር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ባለሱቋ መጀመሪያ «ለምን ሥራ ነው?» አለችኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«አንዳንዴ ጣሪያ ላይ ሩቅ ማየት አለብኝ፤ አንዳንዴ ኮርኒስ ውስጥ እጄ ሥር ነው የምሠራው። ደረጃም እወርድበታለሁ።»

አፋቸው የሚንሸራተት ባትሪዎች አወጣች። «ወደ ፊት ስትስበው ብርሃኑ ይሰበሰባል፤ ስትመልሰው ይበተናል። ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ጓዳ ግባና በሩን ዘግተህ ግድግዳው ላይ ሞክራቸው።»

ገብቼ አንድ በአንድ ሞከርኩ። አንዱ ሲበተን መሃሉ ይጠቁራል። ሌላው አፉ ልል ነው፤ ወደ ታች ሲያዞሩት ራሱ ይንሸራተታል። ሦስተኛው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ እኩል ያበራል፣ ያቆሙት ቦታ ይቆማል፣ ብርሃኑም ይቀነሳል። እሱን ያዝኩ።

ከመውጣቴ በፊት ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አሮጌውን ባትሪዬን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ራሴ ፊት አበራሁት። ወዲያው አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ የሚታየኝ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነበር። የበሩን እጀታ አጣሁት። አንድ መደርደሪያ ገጨሁ። እኔ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ነበርኩ፤ እሳቸው ደረጃ ላይ ነበሩ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ ባለሱቋ ስወጣ።

«ምንም። ሁለት ስጪኝ።»

አንዱን በዚያው ማታ ለእትዬ አስካለ ወሰድኩላቸው። በግራ እጃቸው እንዴት እንደሚያበሩት፣ አፉንም አገጫቸው ሥር ይዘው እንዴት እንደሚመልሱት አሳየኋቸው። ሙሉጌታ ቆሞ ያየናል። «አየሽ እማዬ፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል!» አለ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «ሙሌ፣ እናትህን ደረጃው አላዳለጣቸውም። ዓይናቸው ላይ ባትሪ ያበራሁባቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። መጀመሪያ እናቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየና «ሦስት ሳምንት ሙሉ?» አለ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። እትዬ አስካለም ተቆጡኝ። «እኔ የሸፈንኩትን አንተን ማን ግለጥ አለህ?» አሉኝ።

ሁለት ወር ያህል ሙሉጌታ አላናገረኝም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ ያልፋል። አንድ እሑድ ግን በሬን አንኳኳ። «እናቴ የምታየው ጣቢያ ጠፍቶባታል። መጥተህ እይላት» አለኝ። ሄድኩ፣ ሠራሁ። ሲሸኘኝ እጁን ዘረጋልኝ።

የእትዬ አስካለ እጅ ድኗል፤ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍላቸውም። በአንድ ቀን ይጨርሱት የነበረው ነጠላ አሁን ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ነገሩ አለቀ ልል አልችልም። መናገሬ ለእሳቸው የጠቀማቸው ነገር እንደሌለም አውቃለሁ። ሙሉጌታ ዛሬ ሰላም ሲለኝ ድምፁ እንደ በፊቱ ሞቅ አይልም። ግን ቆሜ እቀበለዋለሁ፤ ያደረግኩትን አውቆ ሰላም የሚለው እኔን ነው።